በጌታ ፊት ዝም ብሎ መቀመጥ

የንባብ ክፍል፦ 1ኛ ነገሥት 19፥1-18፤ መዝሙር 131፤ ማቴዎስ 6፥5-8



ባለፈው ሰሞን ከቤታችን ፊት ለፊት የሚኖሩ አንዲት እናት ጠሩኝና፣ «ልጄ፣ ማታ ማታ ጆሮህ ላይ ያንን ገመድ ሰክተህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ የምትቀመጠው ምን ሆነህ ነው? ታመሃል እንዴ?» አሉኝ። «አይ እማማ፣ እየጸለይኩ ነው» አልኳቸው። «ታዲያ ድምፅህ የት ሄደ? አንተ ስትጸልይ እኮ እስከ ውሃ ቧንቧው ድረስ ነበር የሚሰማው!» አሉ። ሁለታችንም ሳቅን። ግን ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ሌሎቻችሁም በልባችሁ ይዛችሁት ይሆናል ብዬ ስላሰብኩ በዚህ ሳምንት ጽሑፍ ልመልስላችሁ።

ድምፄ የጠፋበት ጊዜ

እኔን ታውቁኛላችሁ። የማክሰኞ አዳር ጸሎት ሲመራ ከፊት የምቆመው እኔ ነኝ። ጸሎት የተማርኩት በጩኸት ነው፣ በዕንባ ነው፣ በጾም ነው። በዚህም አላፍርም። ጌታ በዚያ ጸሎት ውስጥ ብዙ አድርጎልናል። ስንቶቻችን ታመን ተነሥተናል፣ ስንቶቻችን መንገድ ላይ ከሞት ተርፈናል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አንብቦ «ወንጌላዊው ጩኸትን ተቃወመ» የሚል ሰው እንዳይኖር።

ነገር ግን ባለፈው ዓመት ሁለት ነገሮች አንድ ላይ መጡብኝ። አንደኛው የኬዛችን ነገር ነው። ስንት ዓመት ከጠበቅን በኋላ «ገና ነው፣ ጠብቁ» የሚል መልስ ብቻ መጣ። ለምን እንደሆነ የነገረን የለም። ሁለተኛው ጉሮሮዬ ታመመ። ክሊኒክ ስሄድ አንድ ወር ሙሉ ድምፅህን ከፍ እንዳታደርግ አሉኝ። እንግዲህ አስቡት፤ ልቤ የሚጮህበት ጊዜ ላይ አፌ ተዘጋ።

የመጀመሪያው ሌሊት ለመጸለይ ተንበረከክሁ። በሹክሹክታ ጀመርኩ። ያን ጊዜ ነው የራሴን ጸሎት ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት። ስጮህ አልሰማውም ነበር። ወገኖቼ፣ ምን እንደነበረ ታውቃላችሁ? ኢንተርቪው ነው። ከአገሬ መቼ እንደወጣሁ፣ ለምን እንደወጣሁ፣ ስንት ልጆች እንዳሉኝ፣ ማን እንደታመመብኝ፣ ካምፑ ውስጥ ስንት ዓመት እንደቆየሁ። ሁሉም በየተራው፣ ቅደም ተከተሉ ሳይዛባ። እዚህ ያለን ሁላችን ይህንን እናውቀዋለን። ቃልህን ሳትለውጥ መናገር አለብህ። አንድ ቀን ከተሳሳትክ፣ አንድ ስም ከረሳህ፣ ኬዝህ ይበላሻል ብለህ ትፈራለህ። እኔ ለካ ለጌታም እንደዚያ ነበር የማቀርበው። በአባቴ ፊት እንደ ተመርማሪ ቆሜ ኖሬያለሁ።

ከዚያ በኋላ የምለው ጠፋኝ። ተነሥቼ ተኛሁ። ጌታ የራቀኝ መሰለኝ።

በስልክ የመጣው ትምህርት

በዚያ ወር ውስጥ አንድ ወንድም በስልኬ ሊንክ ላከልኝ። ስለ ክርስቲያናዊ የጽሞና ጸሎት የሚያስተምር ኦንላይን ኮርስ ነው። ክፍያ የለውም። ስምንት ሳምንት ይፈጃል። በየሳምንቱ አንድ የድምፅ ትምህርትና አንድ ገጽ ጽሑፍ አለው። እኔ የተማርኩት እስከ 6ኛ ክፍል ነው፣ እንግሊዝኛዬም የመንገድ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ደረጃ የሚማር የጎረቤቴ ልጅ ማታ ማታ እየመጣ ይተረጉምልኝ ነበር። እሱ ሲተረጉም እኔ በደብተር እጽፋለሁ። ስልኬ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስለሆነ አንዳንዱን ፊደል በግምት ነው ያነበብነው።

መጀመሪያ «ይህ አዲስ ነገር ነው» ብዬ ፈርቼ ነበር። ስማር ግን የቆየ ነገር መሆኑን አየሁ። ከ1600 ዓመት በፊት በግብፅ በረሃ ክርስቲያኖች ብቻቸውን ተቀምጠው እንደዚህ ይጸልዩ ነበር። ዮሐንስ ካስያን የሚባል ሰው እነዚያን አባቶች ፈልጎ ወደ በረሃው ሄደ፤ የተማረውንም ጻፈው። ከነገሩት ነገር አንዱ፣ የመዝሙር 70 መጀመሪያ የሆነውን ጌታ ፈጥኖ እንዲረዳ የሚለምነውን አጭር ቃል ይዞ፣ በሥራም በዕረፍትም ከልብ ሳይለዩ መኖር ነው። ከእነዚያ አባቶች መካከል በእኛ አገር ሙሴ ጸሊም የምንለው ይገኛል። መጀመሪያ የሽፍቶች አለቃ ነበር፣ በኋላ መነኮሰ። አንድ ሰው ምክር ሊጠይቀው ቢመጣ፣ ሂድና በክፍልህ ተቀመጥ፣ ክፍልህ ሁሉን ያስተምርሃል ብሎ እንደመለሰው ይነገራል። ይህን ስሰማ የእኔን ክፍል አየሁ። ቆርቆሮና ጭቃ፣ አንድ አልጋ፣ ሁለት ጄሪካን። ይህ ምን ሊያስተምረኝ ነው አልኩ።

ከዚያም በ12ኛው ክፍለ ዘመን በፈረንሳይ ተራሮች በሚገኝ ገዳም የኖረ ጉይጎ የሚባል መነኩሴ፣ የእግዚአብሔርን ቃል ይዞ መጸለይን አራት ደረጃ ባለው መሰላል አስረዳ። ማንበብ፣ ማሰላሰል፣ መጸለይ፣ በመጨረሻም ዝም ብሎ በእግዚአብሔር ፊት ማረፍ። በምግብም ይመስለዋል። እኔ በእኛው ላስረዳችሁ፤ ማንበብ መጉረስ ነው፣ ማሰላሰል ማኘክ ነው፣ ጸሎት ጣዕሙን መፈለግ ነው፣ ማረፍ ደግሞ ጥጋቡ ነው። እኛ ብዙ ጊዜ እንጎርሳለን፣ ሳናኝክ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ እንሄዳለን። በ1970ዎቹ ደግሞ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ስፔንሰር በሚባል ቦታ ያለ ገዳም መነኮሳት፣ ከእነርሱም አንዱ ቶማስ ኪቲንግ የሚባሉት፣ ይህንን የዝምታ ጸሎት ለተራው ሰው በሚመች መንገድ አስተማሩት። አንድ አጭር ቃል መርጦ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ 20 ደቂቃ 20 ደቂቃ በእግዚአብሔር ፊት መቀመጥ ነው። የእኔ ኮርስ ከእነዚህ ሁሉ ጥቂት ጥቂት ይወስዳል።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። አስተማሪዋ በድምፅ እየመራችን ነው። ቃሉን አነበበች፣ ከዚያ «አሁን በጌታ ፊት ዝም እንበል» አለች። እኔም ዝም አልኩ። ጠበቅሁ። ዝምታው ረዘመ። እግሬ ደነዘዘ። ስለ ራሽን አሰብኩ፣ ስለ ልጄ ጫማ አሰብኩ፣ ተመልሼ «ጌታ ሆይ» አልኩ። አሁንም ዝም ነው። «ይህቺ ሴትዮ ጠንካራ ናት፣ ሰው እንዲህ ረጅም ሰዓት ታስቀምጣለች» አልኩ በልቤ። በመጨረሻ ዓይኔን ገልጬ ስልኩን ሳየው ባንድሉ አልቋል! እሷ ዝም ካለች ብዙ ቆይታለች፤ ትምህርቱ ተቋርጦ ነበር።

ለባለቤቴ ስነግራት በጣም ሳቀች። እኔ ግን ከዚያ ሌሊት አንድ ነገር ያዝኩ። ማንም ሳይመራኝ፣ ማንም ሳይሰማኝ፣ ምንም ሳልለምን በጌታ ፊት ያን ያህል ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ኮርሱ እስከ በሩ አድርሶኝ ተመለሰ። ውስጥ የገባሁት ከጌታ ጋር ብቻዬን ነው።

ኤልያስና ሁለቱ መልሶቹ

አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ። 1ኛ ነገሥት 19ን ብዙ ጊዜ ሰብኬዋለሁ፤ ግን እንደ ስደተኛ አላነበብኩትም ነበር። ኤልያስ የሸሸ ሰው ነው። ኤልዛቤል ልትገድለው ዛተች፣ ነፍሱን ሊያድን ሮጠ። ቤርሳቤህ ሲደርስ ብላቴናውን እዚያ ተወው። ብቻውን የአንድ ቀን መንገድ ወደ ምድረ በዳ ሄደና ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ሞትን ለመነ።

ጌታ ያን ጊዜ አልገሠጸውም። «የእምነት ሰው ሆነህ እንዴት እንዲህ ትላለህ?» አላለውም። አስተኛው። መልአክ ቀሰቀሰውና የተጋገረ እንጎቻና ውሃ ሰጠው። በላ፣ ጠጣ፣ ደግሞ ተኛ። ሁለተኛ ቀስቅሶ አበላው፣ መንገዱ ሩቅ ነውና። ከጥያቄው በፊት ምግቡ መጣ። ይህን ልብ በሉ።

ኮሬብ ደርሶ ዋሻ ውስጥ ሲያድር ጌታ ጠየቀው፤ እዚህ ምን ታደርጋለህ አለው። ኤልያስም መለሰ። ለእግዚአብሔር መቅናቱን፣ ሕዝቡ ኪዳኑን መተዋቸውን፣ መሠዊያዎች መፍረሳቸውን፣ ነቢያት መገደላቸውን፣ እሱ ብቻውን መቅረቱን፣ ነፍሱንም ሊወስዷት መፈለጋቸውን ተናገረ። ይህ ቁጥር 10 ላይ ነው። ከዚያ ታላቅ ነፋስ መጣ፣ ጌታ በነፋሱ ውስጥ አልነበረም። የምድር መናወጥ ሆነ፣ እሳትም መጣ፣ በእነዚያም አልነበረም። ከእሳቱ በኋላ ቀስ ያለ፣ ጸጥ ያለ ድምፅ ሆነ። ኤልያስ ፊቱን በመጎናጸፊያው ሸፍኖ ወጣና በዋሻው ደጃፍ ቆመ። ጌታ ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ጠየቀው። አሁን ቁጥር 14ን ከቁጥር 10 ጋር አስተያዩት። ኤልያስ የመለሰው ያንኑ ነው! ቃል በቃል ያንኑ! ነፋሱን አይቶ፣ እሳቱን አይቶ፣ ያንን ጸጥ ያለ ድምፅ ሰምቶ፣ ቃሉን ግን አልለወጠም።

እኔ ይህን ሳነብ አለቀስኩ። እኔን ነው ያየሁት። ፋይሉን ይዞ የቆመ ሰው።

ጌታስ ምን አደረገ? «ይህንን ነግረኸኛል» አላለም። ማስረጃ አልጠየቀም። ታግሦ ሁለት ጊዜ ሰማው። ከዚያ ሥራ ሰጠው፣ ወደ መጣበት መንገድ ተመለስ አለው። የሚቀባቸውን ሰዎች ነገረው፤ ከእነርሱም አንዱ በእርሱ ፋንታ የሚያገለግለው ኤልሳዕ ነበር። «ብቻዬን ቀረሁ» ላለው ሰውም፣ ለበኣል ያልተንበረከኩ 7000 እንዳሉ አሳወቀው። ዝምታው ኤልያስን ወደ ሰው መለሰው፤ ወንድም ሰጠው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ያ ከክትክታ ዛፍ ሥር ሞትን የለመነ ሰው፣ በ2ኛ ነገሥት 2 ሞትን ሳያይ ወደ ሰማይ ተወሰደ። ጌታ ያልመለሰልን ጸሎት ሁሉ ስለተጣለ አይደለም። አንዳንዱን ስለሚወደን ነው የማይመልሰው።

ጡት የጣለ ሕፃን

መዝሙር 131 አጭር ነው፣ ሦስት ቁጥር ብቻ ነው። ዳዊት ነፍሱን በእናቱ ዘንድ ባለ ጡት በጣለ ሕፃን ይመስላታል። እናቶች ይህንን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የሚጠባ ልጅ እናቱ ጭን ላይ ሲቀመጥ ዕረፍት የለውም። ያለቅሳል፣ ልብስ ይጎትታል፣ የሚፈልገውን ያውቃል። የእኔ ትንሿ ልጅ ጡት ስትጥል ሁለት ሳምንት አላስተኛችንም። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ቀን ማታ መጥታ እናቷ ጭን ላይ ወጣች፣ ጭንቅላቷን ደረቷ ላይ አደረገች፣ ዝም አለች። ምንም አልፈለገችም። እናቷን ፈልጋ ነው።

ሁለቱም ልጅ ነው። የሚጠባውም አይነቀፍም፣ ስለተራበ ነው የሚያለቅሰው። እኛም እንጀራ እንለምናለን፣ ጌታ ራሱ የዕለቱን እንጀራ እንድንለምን አስተምሮናል። ግን ዕድሜ ልካችንን ለወተት ብቻ ወደ ጌታ የምንመጣ ከሆነ፣ ወተቱ የዘገየ ቀን እናት የለችንም እንላለን። ብዙ ሰው ካምፕ ውስጥ እምነቱ የሚቀዘቅዘው እዚህ ላይ ነው። ካኩማ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1992 ከተከፈተ ጀምሮ እዚህ የሚጠብቅ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። ጌታን የፕሮሰስ ፈጻሚ ካደረግነው፣ ፕሮሰሱ ሲቆም ጌታም የቆመ ይመስለናል። ማቴዎስ 6፥8 ላይ ጌታ ኢየሱስ አባታችን ሳንለምነው የሚያስፈልገንን እንደሚያውቅ ነግሮናል። ያውቃል ማለት ፋይላችን እሱ ጋ አለ ማለት ነው። ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ ፋይሉን አስቀምጠን ጭኑ ላይ መቀመጥ እንችላለን።

በዝምታ ውስጥ ያገኘሁት

ዝምታ ሁልጊዜ ጣፋጭ አይደለም። ይህን ካልነገርኳችሁ ውሸታም እሆናለሁ። አራተኛው ሳምንት ላይ ዝም ብዬ ስቀመጥ የአንድ ወንድም ፊት መጣብኝ። ከእኔ ጋር በአንድ ቀን የተመዘገበ ወንድም ነው። የእርሱ ኬዝ አልፎ በረራው ወጥቶለታል። በሽኝቱ ፕሮግራም ላይ እጄን ጭኜ የጸለይኩለት እኔ ነኝ። ጉሮሮዬ ገና ባይድንም የቻልኩትን ያህል ድምፄን ከፍ አድርጌ ባረክሁት። እናንተም አሜን አላችሁ። ልቤ ግን «ለምን እሱ? ለምን እኔ አይደለሁም?» እያለ ነበር።

ያን ፊት ላባርረው ሞከርኩ። ወደ አጭሩ ቃሌ ተመለስኩ። ደግሞ መጣ። በማግስቱም መጣ። ያን ጊዜ ጌታ የሚያሳየኝ ነገር እንዳለ ገባኝ። ስጮህ ይህ ቅናት ከድምፄ በታች ተደብቆ ነበር። ዝም ስል ወጣ።

ሊሄድ ሦስት ቀን ሲቀረው ማታ ቤቱ ሄድኩ። ዕቃውን ለጎረቤት እያከፋፈለ ነበር። «ወንድሜ፣ በአፌ ባረክሁህ፣ በልቤ ግን ቀናሁብህ። ይቅር በለኝ» አልኩት። ለጥቂት ጊዜ አልተናገረም። ከዚያ «እኔም አንተን ማየት ፈርቼ ነበር። ቤትህ መምጣት የተውኩት ለዚህ ነው» አለኝ። ተቃቅፈን አለቀስን። ስወጣ አንዲት የፕላስቲክ ወንበር ሰጠኝ። አሁን ማታ ማታ የምጸልየው እሷ ላይ ተቀምጬ ነው። እማማ፣ የጠየቁኝ መልሱ ይኸው ነው።

ሰዎች የሚጠይቁኝ

«ይህ አእምሮን ባዶ ማድረግ አይደለም ወይ?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ እኔም ብቻዬን አልወሰንኩም። ትምህርቱን ለቤተክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ወስጄ አሰማኋቸው። አንዱን ነገር ተወው አሉኝ፣ ተውኩት። ሌላውን «ከቃሉ ካልወጣህ፣ ከጌታ ከኢየሱስ ስም ካልወጣህ ቀጥል» አሉኝ። እኛ ባዶ ልንሆን አንቀመጥም። ከአንድ አካል ጋር ነው የምንቀመጠው። ስሙን እናውቀዋለን።

«ጌታ በድምፅ የማይጸለይ ጸሎት ይሰማል ወይ?» የሚሉም አሉ። 1ኛ ሳሙኤል 1ን አንብቡ። ሐና ከንፈሯ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው፣ ድምፅዋ አይሰማም ነበር። ካህኑ ዔሊ ሰክራለች አለ። ጌታ ግን ሰማት። ሮሜ 8፥26 ደግሞ እንዴት እንደምንጸልይ በማናውቅበት ጊዜ መንፈስ ቅዱስ ራሱ በማይነገር መቃተት እንደሚማልድልን ይናገራል።

«አንድ ቃል መደጋገም ጌታ የከለከለው አይደለም ወይ?» ማቴዎስ 6፥7 የከለከለው በቃል ብዛት እንሰማለን ብሎ ማሰብን ነው። እዚህ ላይ አንድ ኃጢአቴን ልናዘዝ። ገጠር ያሳደጉኝ አያቴ ኦርቶዶክስ ነበሩ። ጎህ ሳይቀድ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ይቀመጡ ነበር። እኔ ጌታን ባገኘሁ ሰሞን ይህንኑ ጥቅስ አውጥቼ ተከራከርኳቸው። እሳቸው አልመለሱልኝም፣ ቡና አቀረቡልኝ። አሁን ሩቅ አገር ያለች ሴት በስልክ ዝምታን ስታስተምረኝ፣ ዓይኔ ላይ የመጡት አያቴ ናቸው። እዚያ ግድግዳ ሥር ምን ይሆን እንደነበር አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋቸውም። አሁን በሕይወት የሉም።

እንዴት እንጀምር?

የተማርኩትን በእኛ ኑሮ ልክ አድርጌ እጽፍላችኋለሁ።

1. ሰዓት ምረጡ። ቧንቧው ሳይከፈት ንጋት ላይ፣ ወይም ልጆች ከተኙ በኋላ። በአምስት ደቂቃ ጀምሩ። 20 ደቂቃ በኋላ ይመጣል።

2. ቦታ። ጌታ ወደ እልፍኝ ገብታችሁ በሩን ዝጉ ብሏል። እልፍኝ የለንም፣ በአንድ ክፍል ሰባት ሰው እንተኛለን። ነጠላ መከናነብ በር መዝጋት ነው። ጄሪካን ላይም ቢሆን ቀና ብላችሁ ተቀመጡ።

3. አጭር ክፍል አንብቡ፤ አራት ወይም አምስት ቁጥር ይበቃል። ቀስ ብላችሁ ሁለት ጊዜ። ማንበብ የማትችሉ ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁ፣ ለእነርሱም በረከት ነው።

4. ልባችሁን የነካውን አንድ ቃል ያዙ፣ አኝኩት። ከዚያ ስለዚያ ቃል በራሳችሁ አማርኛ ወይም በእናታችሁ ቋንቋ ለጌታ ንገሩት።

5. አሁን ዝም በሉ። ሐሳብ ይመጣል። ራሽን፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ ከአገር ቤት ያልመጣ ስልክ። አትጣሉት፣ ራሳችሁንም አትውቀሱ። «ጌታ ሆይ፣ እዚህ ነኝ» ብላችሁ ተመለሱ። መቶ ጊዜ ብትሄዱ መቶ ጊዜ ተመለሱ። መመለሱ ራሱ ጸሎት ነው።

6. የቪዲዮ ቤቱ ሙዚቃ፣ የጄነሬተር ድምፅ፣ የሚያለቅስ ሕፃን አይጠፋም። እስኪጠፋ አትጠብቁ። የሚያለቅሰው የእናንተ ሕፃን ከሆነ ግን ተነሡ! ጌታ አይቆጣም።

7. በአባታችን ሆይ ጨርሱ።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። ከመካከላችን ከባድ ነገር ያዩ አሉ። ዓይን ሲጨፈን ያ ነገር ሊመጣ ይችላል። ከመጣባችሁ አትታገሉ፣ ዓይናችሁን ግለጡ፣ እግራችሁን መሬት ላይ አስረግጡ፣ ጮክ ብላችሁ መዝሙር ዘምሩ፣ ሰው ጥሩ። ለእንደዚህ ያለ ሰው ዝምታው ለጊዜው ይቅርበት፣ ከሰው ጋር ይጸልይ። ክሊኒክ ሄዶ ከአማካሪ ጋር መነጋገርም የእምነት ማነስ አይደለም። መልአኩ ኤልያስን መጀመሪያ አበላው፣ አስተኛው። እንደ ኤልያስ «ልሙት» የሚል ሐሳብ የመጣበት ደግሞ ብቻውን አይቀመጥ። ሌሊትም ቢሆን በሬን አንኳኩ።

ለኮርሱ ብላችሁም የልጆቻችሁን ምግብ በባንድል አትጨርሱ። ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ከቃሉ የሚያርቅ፣ ምስጢር ነው ለማንም አትንገሩ የሚል ትምህርት በስልክ ከመጣባችሁ ዝጉት። የእኔ ደብተር አለ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በቤተክርስቲያን እንገናኝ፣ አብረን አንብበን አብረን ዝም እንላለን። የማክሰኞ አዳር ጸሎታችንም እንደተጠበቀ ነው። ጉሮሮዬ ድኗል፣ ትሰሙኛላችሁ።

ኬዜ ዛሬም አልተንቀሳቀሰም። ይህንን ስጽፍ የመጣ አዲስ ነገር የለም። አሁንም እለምናለሁ፣ ለልጆቼ እለምናለሁ። ግን ልመናዬን ከጨረስኩ በኋላ አልነሣም። ትንሽ እቀመጣለሁ።

ለውይይት

ጸሎታችሁን አንድ ቀን በዝግታ አዳምጡት። እንደ ልጅ ነው ወይስ እንደ ተመርማሪ የምትናገሩት?
ጌታ «እዚህ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ዛሬ ቢጠይቃችሁ፣ የተለመደውን መልስ ከሰጣችሁ በኋላ ምን ይቀራል?
ዝም ስትሉ ፊቱ የሚመጣባችሁ ሰው አለ? ሳይሄድ ልትደርሱበት ትችላላችሁ?

ጸሎት

አባት ሆይ፣ የሚያስፈልገንን ታውቃለህ። ሁለት ጊዜም፣ መቶ ጊዜም ያንኑ ስንነግርህ ስለምትሰማን እናመሰግንሃለን። ዛሬ ማታ ፋይላችንን በአንተ ዘንድ አስቀምጠን እንድናርፍ እርዳን። የደከመውን አብላው፣ አስተኛው። ብቻዬን ቀረሁ ለሚለው ወንድሙን አሳየው። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።